የኢዩ ለሃጭና የጋዲሴ አምሮት

ጋዲሴ አዳማ መናኸሪያ አጥር ሥር ቅቅል ድንች በዳጣ የምትሸጥ ሴት ናት። ባሏ ማናሴ ባጃጅ ይነዳል። ሁለት ዓመት ተኩል የሞላው ልጃቸው ኢዩ ደግሞ ለሃጩ እንደ ተበላሸ ቧንቧ ይወርዳል፤ ጠዋት የለበሰው ካናቴራ ረፋድ ላይ ይጨመቃል።

እኛ ግቢ ለዚህ ሐኪም አንጠይቅም። የልጅ ለሃጭ አልቆም ካለ፣ እናቱ እርጉዝ ሳለች ያማራትን አልበላችም ማለት ነው። ማነው ያላበላት? ባሏ ነዋ። እናም የኢዩ ለሃጭ በፈሰሰ ቁጥር የማናሴ ስስት አብሮ ይወራል። ባጃጁን ባቆመበት ሁሉ «ምን ከልክለሃት ነው?» ይሉታል። እሱም በተራው ቤት ሲገባ እሷን ያፋጥጣታል። ትዳር በምራቅ ሊፈርስ ደረሰ።

የወሬው መሪ የግቢያችን ታላቅ እትዬ ዘውድነሽ ናቸው።

«አንቺ ጋዲሴ፣ ምን አምሮሽ ነበር? ተናገሪና ለልጁ አቅምሰን እንገላግለው።»

«ምንም አላማረኝም እትዬ። ስንቴ ልንገርዎ?»

«ለባልሽ አዝነሽ ነው የምትደብቂው።»

አንድ ቀን መረራትና፣ ዝም ቢሉላት ብላ «የዝዋይ ዓሣ» አለቻቸው። ዝም ይላሉ ታዲያ? ከአዳሚ ቱሉ በሚመለስ ሹፌር ዓሣ አስመጡ፣ ጠበሱ። ጋዲሴ ድንቿን ይዛ እንደወጣች ኢዩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አጎረሱት። ልጁ ሳያኝክ ዋጠው። አጥንቱ ጉሮሮው ላይ ቆመ፣ ፊቱ ጠቆረ። ደግነቱ ማናሴ ለምሳ መጥቶ ነበርና ልጁን አፈፍ አድርጎ በባጃጁ ክሊኒክ አደረሰው። አጥንቱ ወጣ።

ጋዲሴ እየሮጠች ስትደርስ ነርሷ «ይሄ ልጅ ምን ይበላል?» አለቻት።

መልሱን የምናውቀው እኛ ነን። እናቱ ስትሠራ የምንጠብቀው እኛ፤ እንዳያለቅስብን ስኳር የበዛበት ሻይ በጡጦ የምናስታቅፈው እኛ፤ ምግቡን አላሽቀን የምናጎርሰውም እኛ። ማኘክ ማን አስተማረው?

«አፉ ሥራ ፈቷል» አለች ነርሷ። «ጡጦውን ጣሉት። በኩባያ ይጠጣ፤ ለስለስ ካለው ጀምሮ ማኘክ ይልመድ። ምራቁን መዋጥም አብሮ ይለምዳል።»

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ባልን በስስት፣ ሚስትን በድብቅነት ስንከስ የከረምን ሰዎች፣ ጡጦውን የምንሞላው ራሳችን ነበርን። ሕፃን ልጅ በአጥንት ሊታነቅብን ነበር። ታዲያ ይቅርታ ያለ አለ? እትዬ ዘውድነሽ እንኳ «ዓሣው አምሮቷ አልነበረም ማለት ነው» ብለው አለፉት።

ጋዲሴ ጡጦውን በመቀስ ቆራርጣ ጣለችው። ማናሴም ከዚያ ወዲህ አላፋጠጣትም።

ዘንድሮ ጋዲሴ ደግማ አረገዘች። እትዬ ዘውድነሽ ወሬው እንደደረሳቸው ድንቿን ከምትሸጥበት ከተፍ አሉ።

«አካም ጋዲሴ። ዘንድሮ አንሸወድም። ምን አማረሽ?»

ኢዩ አጠገቧ ድንች ያላምጣል፤ አገጩ ደርቋል።

«ጡጦ የማይሞላ ጎረቤት» አለቻቸው።

ይህን እንኳ ማናሴ ከየትም ሊያመጣላት አይችልም።