ከግድግዳው ማዶ የሰማችን ብርቄ

ልጅ ሳለሁ፣ አርብ መምሸት ሲጀምር ንዴት ይይዘኝ ነበር። ፀሐይ ወደ መሳለሚያ በኩል ስታዘቀዝቅ እናቴ የማንደጃውን ፍም አመድ ታለብሰዋለች፣ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ የግቢው ልጆች ፊልም እያዩ ሲሳሳቁ እኛ እስከ ቅዳሜ ምሽት ቀዝቃዛ ምግብ እየበላን እንቀመጣለን። ይባስ ብሎ ምክንያቱን ለማንም መናገር ክልክል ነበር። ከጎንደር የመጣን ቤተ እስራኤል ነን፤ ሰንበታችን ቅዳሜ ነው። አባቴ ግን ምናለሽ ተራ ካለችው የማጠፊያና የቁልፍ ሱቁ ቅዳሜ በቀረ ቁጥር ለደንበኞቹ አንዴ ወገቤን አሞኝ፣ አንዴ ለቅሶ ነበረብኝ ይላቸው ነበር። በልጅነቱ «ቡዳ» እየተባለ በድንጋይ ተባሯል። መርካቶ የገባውም ማንም እሱን በማያውቅበት ቦታ ሊሰወር ነው።

አያቴን አባባ እንላቸው ነበር። በሌሎቹ ቀናት ሲመሽ ከማንደጃው አጠገብ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ተረት ያወሩልናል። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር ሻማ እናበራለን፤ የከሰሉ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ የፍሙ ቅላት አባባ ጉንጭ ላይ ወጣ ገባ ሲል እያየን እናዳምጣለን። አብዝተው የሚያወሩት ስለ አንድ አንጥረኛ ነው። የአገሩ ገዢ በሰንበት ቀን መጥቶ ጦር ሥራልኝ ይለዋል፣ አንጥረኛው እሳቴ ዛሬ አይነድም ይለዋል፣ ገዢው ተቆጥቶ ጎጆውን ያቃጥልበታል። እዚህ ሲደርሱ አባቴ ሁልጊዜ ብድግ ይልና «አባዬ፣ ቀስ ይበሉ፤ ሰው ይሰማል» ይላቸዋል። አባባ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ከዚያም ጭራሽ ይተዉታል። እኔም መጨረሻውን ጠይቄ አላውቅም፤ በሹክሹክታ የሚወራ ተረት ሰልችቶኝ ነበር።

ክፍላችንን ከጎረቤት የሚለየው ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ ነው። እዚያ ማዶ ብርቄ የምትባል ወጣት ሴት ተከራይታ ገባች። የጉራጌ አገር ልጅ ናት፤ እህል በረንዳ ለአንድ ነጋዴ ተቀጥራ ምስርና ሽምብራ ስትመዝን ትውላለች። ከገባች ብዙም ሳትቆይ አንድ ምሽት በራችንን አንኳኳች። ሻሿ ላይ የእህል ብናኝ እንዳለ ነው። ይቅርታ ጠየቀችና ወደ አባባ ዞረች።

«አባባ፣ ያ ሰውዬ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ምን ሆነ? እጠብቃለሁ እጠብቃለሁ፣ አይጨርሱትም።»

አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። አባባ ግን ሳቁና አስቀመጧት፤ ጨረሱላትም። አንጥረኛው ሰንበት እስኪወጣ ድረስ ከተቃጠለው ቤቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ጸለየ፣ በማግስቱ አመዱን ቆፍሮ መዶሻውን አወጣ፣ ሜዳ ላይ እሳት አንድዶ ሥራውን ጀመረ። ብርቄን ይህም አልበቃትም፤ ስሙ ማን እንደነበር ጠየቀች። አባባ ፍሙን በጉጠት ሲነካኩ ቆዩና «ደስታ ይባላል። የእኔ አያት ነው» አሉ።

ያኔ የተናደድኩትን ያህል ተናድጄ አላውቅም። ተረት መስሎኝ የሰለቸኝ ሰው የገዛ ሥጋዬ ኖሯል፤ ይህንንም ያወቅሁት ባዳ መጥታ ስለጠየቀች ነው። አባቴን አየሁት። ዓይኑን ሰበረ፤ ያውቅ ነበር።

ብርቄ ከዚያ በኋላ መምጣቷን አልተወችም። አርብ እሳቱ ለምን እንደሚጠፋ፣ ዳቦው ለምን እንደሚባረክ እኔን ትጠይቀኛለች፤ መልሱን ስለማላውቀው አባባን እጠይቃለሁ፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ አርብን መጠበቅ ጀመርኩ። ቆይታ እሷም አርብ ማታ እሳቷን ማጥፋት ያዘች፤ በመጨረሻ ሃይማኖታችሁ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ አለች። ከእኛው ሰዎች አንዳንዶቹ እስራኤል ለመሄድ ብላ ነው ብለው አሟት። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎችም ሄደሽ አስቢበት እያሉ ይመልሷት ነበር። አባቴ ደግሞ ጮኸባት።

«እኛ የሸሸነውን ስም አንቺ ምን አግኝተሽበት ነው የምታሳድጂው?»

«ጋሼ፣ እኔ ሰው ነይ ሲለኝ እየመጣሁ፣ ሂጂ ሲለኝ እየሄድኩ ነው የኖርኩት» አለችው። «ገዢ ፊት ቆሞ ዛሬ አልሠራም ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እናንተ ግን እሱን ይዛችሁ ታንሾካሹካላችሁ።»



አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዱባይ ተራ ጫማ የሚሸጠው ወንድሟ ሐሳቧን ከራሷ ሰምቶ መጣና ግቢው መሀል ቆሞ ከቡዳ ቤት ውጪ እያለ ይጣራ ጀመር። እሷ እኛ ጋ ነበረች። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እናቴ እንደ ልማዷ በሩን ልትዘጋ ተነሳች። አባቴ ቀደማትና ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ደጃፉ ላይ ቆመ። 

«እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ» አለ። «ቅዳሜ ሱቄን የምዘጋው ወገቤን አሞኝ አይደለም፤ ሰንበቴ ስለሆነ ነው። እህትህን ማንም አልበላትም። ጠይቃ ነው የመጣችው።»

 እትዬ ዘምዘም የሚባሉ ጎረቤታችን ወደ ወንድሟ ዞረው፣ እኛ አርብ እንሰግዳለን፣ እነሱ ቅዳሜ ይጸልያሉ፣ አንተን ምን አገባህ አሉት። ወንድምየው ምራቁን ተፍቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ የነሱን ጎረቤቶች ነበሩ፤ ከአባቴ ሱቅ እግራቸውን ያነሱ ደንበኞችም ነበሩ። አባቴ ግን ለሰው የሚነግረው ሰበብ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ አልፈለገም።

ብርቄ ከብዙ መመላለስ በኋላ ወንዝ ወርዳ ተጠምቃ ገባች። አባባ ሲያርፉ ከሁላችንም አብልጣ ያለቀሰች እሷ ናት። አሁን እህል በረንዳ የራሷ ሱቅ አላት፤ ቅዳሜ ትዘጋዋለች። ከእኛው ሰዎች መሀል ሳይቀር «አንቺ እኮ የገባሽ ነሽ» የሚሏት አሉ፤ ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ያኔ የጠላሁትን ሰንበት ዛሬ እወደዋለሁ፤ ንዴቱ ግን አልለቀቀኝም። የገዛ ሀብታችንን እንደ ሌባ ደብቀን እንድንይዝ ያደረጉንን ሰዎች ይቅር አላልኩም። ብርቄ ይቅር በያቸው ትለኛለች። እሷ ወዳ የገባችበት ነው፤ እኛ ተወልደንበት ተደብቀናል። ልቧ ከእኔ ልብ የቀለለው ለዚህ ይመስለኛል።