ብርድ የማያስገባ በር

አናጢው «ሚሊ» የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት በገዛ አፉ ነው። ጠረጴዛ ልታሠራ ሂድ፣ ቁም ሣጥን ልታሳድስ ሂድ፣ ሜትሩን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «አንድ ሚሊ ትቀንሳለች» ይልሃል። ምንም ባትቀንስም ይላል። ሰዎች ሲያሾፉበት፣ «ሚሊ ሚስቱንም ያገባት ለክቶ ነው» ይሉታል። እሱ መች ይቆጣል! «ታዲያስ! በትከሻዬ ልክ ነው የመጣችልኝ» ብሎ አብሮ ይስቃል። ይህ ሰው እንግዲህ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳተ። ሲሳሳት ደግሞ በሚሊ አልነበረም፤ በክንድ ነበር። ያውም ከተማው በሙሉ አፍጥጦ በሚያይበት ቀን።

ነገሩ የሚጀምረው ከሚስቱ ኩላሊት ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ሰኞና ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ትነሳና በአውቶቡስ ወደ ትልቁ ከተማ ትሄዳለች። እዚያ ደሟ በማሽን ታጥቦ ይመለስላታል። ቤቷ ስትደርስ ግን እንደ ተጨመቀ ልብስ ሆና ነው። ሚሊ ተቀብሎ ያስቀምጣትና እግሮቿን በመዳፎቹ መሃል ይዞ ያሻሻል። እሷም ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነው።

«ማሽኑስ ምንም አላደረገኝ። በሩ ነው የገደለኝ!»

እዚያ ያለው ክፍል በሩ ባለ ሁለት ተካፋች ነው፤ መኪና ያስገባል። አልጋ ሲገፋ ይከፈታል፣ ሰው ሲገባ ይከፈታል፣ ከተከፈተ በኋላ ግን የሚዘጋው የለም። ደሟ ወጥቶ እስኪመለስ ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፤ በዚያ ላይ ነፋሱ። ብርድ ልብስ ቢደራርቡላትም ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

አንድ ምሽት እግሯን እያሻሸላት ሳለ፣ ሻዩ ስኳር አነሰው የምትል ይመስል ረጋ ብላ፣ «እኔን በቃኝ» አለችው።

«ምኑ?»

«መንገዱ። ከእንግዲህ አልሄድም። ተወኝ፣ እቤቴ ልሁን።»

ሚሊ ማሻሸቱን አቆመ። መሄዱን ከተወችው ምን እንደሚከተል ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሐኪሙ ሳይደብቅ ነግሯቸዋል።

«የኔ እናት፣ ለኛ ሆስፒታልም ማሽን ሊመጣ እኮ ነው! ትንሽ ታገሺ። ከቤትሽ በእግርሽ ነው የምትሄጂው።»

እግሯን ከመዳፎቹ ሰበሰበች። «እሺ፣ እስኪመጣ እሄዳለሁ። እዚህም አንድ ቀን ልየው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን እንዳትጠይቀኝ፤ ቃል አልገባም።»

አንድ ቀን! ሚሊ ያቺን አንድ ቀን ይዞ ተነሳ።

ማሽን ሊመጣ ነው ሲባል ደግሞ እንዲሁ የአፍ ወሬ አልነበረም። ከተማው ሆ ብሎ ተነስቷል። የገቢ አሰባሳቢ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጸጉር አስተካካዩ ነው፤ ምላሱ ከምላጩ የባሰ ሰው። ደንበኛውን አስቀምጦ ግማሽ ፊቱን ይላጨዋል። ከዚያ ምላጩን ያስቀምጥና መስተዋቱ ሥር ወዳለው የመዋጮ ሣጥን በአገጩ እያመለከተ፣ «ግራ ጉንጭህ በኔ፣ ቀኝ ጉንጭህ በኩላሊት!» ይላል። በግማሽ ጢም መንገድ የሚወጣ ወንድ ከየት ይገኛል? የታክሲ ሾፌሮቹ የእሑድ ገቢያቸውን ሰጡ። ተማሪዎች መኪና አጠቡ፤ መኪና የሌለው ሰው ብስክሌቱን አሳጠበ። አዲስ የተጋቡ ጥንዶች የሰርግ ስጦታቸውን ሣጥኑ ውስጥ ከተቱና እየሳቁ ባዶ እጃቸውን ቤታቸው ገቡ። ሁለት ማሽን የሚገዛ ገንዘብ ሲሞላ፣ ይህን የሰማ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ «እናንተ እንዲህ ከተጋችሁ የውሃ ማጣሪያው በኛ ይሁን» አለ። ኩላሊት ያለ ተጣራ ውሃ አይታጠብም። ማጣሪያ ከሌለ ማሽኖቹ የግድግዳ ጌጥ ናቸው።

ሚሊስ? የነበረውን ሁሉ የአውቶቡሱ መንገድ በልቶታል። ግን እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። የሆስፒታሉ ዋና ነርስ ዘንድ ሄዶ፣ «ሲስተር፣ ገንዘብ የለኝም። በር ግን አለኝ» አላት።

ለእጥበት የተመረጠው ክፍል ጓሮ ያለ አሮጌ መጋዘን ነበር። በሩ ሰፊ፣ ባለ ሁለት ተካፋች፣ ልክ እንደዚያኛው። ሚሊ ገና ሲያየው ዘገነነው። ግንበኛ ወዳጁን ጠርቶ ግራና ቀኙን በብሎኬት አስጠበበው። ከዚያ ለዓመታት ሲሳሳለት የኖረውን ወፍራም ጣውላ አወጣ። እንዴት ያለ በር ሠራ መሰላችሁ! ሲዘጋ ድምፁ አይሰማም። ዙሪያውን ላስቲክ አልብሶታል፤ ክብሪት ለኩሶ ጠርዙ ላይ ሲይዝ ነበልባሉ ንቅንቅ አይልም። ስፋቱ አልጋ ያስገባል፤ ዋና ነርሷ የነገረችውን የማሽኑን ልክም ያስገባል። ስለ ውሃ ማጣሪያው ግን የጠየቀም የተናገረም አልነበረም። ማጣሪያው በኋላ የተጨመረ ስጦታ ነው፤ ስጦታ ሲሰጡህ ደግሞ ታመሰግናለህ እንጂ ስፋቱ ስንት ነው ብለህ አትጠይቅም።

መኪናው የመጣ ዕለት ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጸጉር አስተካካዩ ሱቁን ጥሎ ሲሮጥ፣ ግማሽ ፊቱ የተላጨ ደንበኛ ነጭ ፎጣ አንገቱ ላይ እንደታሰረ እየተከተለው መጣ። የሚሊ ሚስትም ሹራብ ደራርባ ጓሮው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። «ላየው ነው የመጣሁት፤ ሌላ እንዳይመስልህ» ብላዋለች።

ሁለቱ ማሽኖች በጎማቸው እየተንከባለሉ በሚሊ በር ሽው ብለው ገቡ። ጭብጨባው ቀለጠ። ሚሊ ደረቱን ነፍቶ በሩ አጠገብ ቆሞ እንደ ሙሽራ አባት እጅ ይጨብጣል። ከዚያ ማጣሪያው ወረደ።

ጉድ ፈላ! ትልልቅ ጋኖች፣ ቱቦ በቱቦ ላይ፣ ሁሉም በአንድ የብረት መቆሚያ ላይ ተበይደዋል። ጎረምሶች «ያዝ! ቀና!» እየተባባሉ ተሸክመው በሩ ጋ ሲደርሱ ብረቱ ከመቃኑ ጋር ጓ! ብሎ ተጋጨ። አዙረው ሞከሩት፤ ጓ! በጎኑ ሞከሩት፤ ጓ!

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ማሽኑን ሊገጥም የመጣው ወጣት መሃንዲስ ላቡን እየጠረገ፣ «ይህን በር የሠራው ማነው?» አለ። ሁሉም ዞሮ ሚሊን አየው። ሚሊ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሜትሩን አውጥቶ መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ ማጣሪያውን ለካ። ከሕዝቡ መሃል አንዱ፣ «አንድ ሚሊ ትቀንሳለች!» ሲል ጥቂቶች ሳቁ። የቀነሰችው አንድ ክንድ ነበር።

«ይፈታና ይግባ» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

«ተበይዶ ነው የመጣው ጋሼ» አለው መሃንዲሱ። «ከቆረጥኩት ያፈሳል።»

«ሌላ ክፍልስ?»

«ውሃ የተሳበው እዚህ ብቻ ነው» አለች ዋና ነርሷ።

መሃንዲሱ አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ጋኖቹ ለቀናት በውሃ መታጠብ አለባቸው። ዛሬ ገብቶ ካልተጀመረ እስከ ቅዳሜ አይደርስልኝም፤ ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ከተማ ይጠብቀኛል። ተመልሼ የምመጣው ክረምቱ ካለፈ ነው።»

«ጣሪያውን እናንሳዋ!» አለ ጸጉር አስተካካዩ። ጣሪያውን! በሩን እናፍርሰው ለማለት ግን የደፈረ የለም፤ ያ በር ለሚሊ ምን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረምና።

ሚሊ ወደ አግዳሚ ወንበሩ ዞር አለ። ሚስቱ ተነስታለች። ሹራቧን ቆልፋ ቦርሳዋን አንስታለች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ እሱን ያስደነገጠውም ይኸው ነው። አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ወደ ቤቱ እንደሚመለስ፣ ቀስ እያለች ወደ መውጫው አቀናች።

«ቁሚ!» ብሎ ጮኸ።

በትዳር ዘመናቸው ጮሆባት አያውቅም። ደንግጣ ቆመች።

«ቁሚ እንጂ! ነይ ቁጭ በዪና እዪኝ!»

የዕቃ ሣጥኑን ከፈተ። የማጠፊያውን ብሎኖች ፈትቶ በሩን እንደ ሕፃን አቅፎ አወረደና ግድግዳ አስደገፈው። ከዚያ መጋዙን አነሳ። መቃኑ ላይ አሳረፈው።

«ሚሊ ወንድሜ፣» አለ ጸጉር አስተካካዩ፣ ያ ምላሱ እንዴት እንደለሰለሰ፣ «ሰፊ የነበረውን በር ምን ነክቶህ አጠበብከው?»

ሚሊ አልዞረም። «ይበርዳታል» አለ። «እዚያ ይበርዳታል። እዚህ እንዳይበርዳት ብዬ ነው።»

መጋዙ ገዝ ገዝ ማለት ሲጀምር ጸጉር አስተካካዩ ኮቱን ወረወረና ዲጂኖ አነሳ። ከዚያማ ምኑ ይነገራል! ግንበኛው በገዛ እጁ የገነባውን እየናደ፣ «ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ሲሚንቶ እቀንስበት ነበር!» እያለ ይራገማል። ሾፌሮቹ ብሎኬት ይቀባበላሉ። ባለ ግማሽ ጢሙ ደንበኛ ፎጣውን አፍንጫው ላይ አስሮ ፍርስራሽ ይጠርጋል። አቧራው ሰማይ ነካ። መጨረሻ ላይ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ሲባል፣ ማጣሪያው ከግራም ከቀኝም ሳይነካ ሰተት ብሎ ገባ! መሃንዲሱ ቱቦውን አገናኝቶ ቧንቧውን ሲከፍተው ውሃው ተንዶቀዶቀ፤ ሕዝቡም በደስታ አበደ። የማይተዋወቅ ሰው ሁሉ ተቃቀፈ።

ሚሊ ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው ነጭ ሆኖ ወደ አግዳሚ ወንበሩ ሄደ። ሚስቱ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። ስትስቅ ካየ ስንት ጊዜው!

«ወፍጮ ቤት የዋልክ ትመስላለህ» አለችው።

እሱም ሳቀ። ከዚያች አንድ ቀን በኋላ ስላለው ግን ምንም አልጠየቃት።

ሰኞ ደረሰ፤ ተረኛዋም እሷ ነበረች። በእግሯ መጣች። ዋና ነርሷ መርፌውን ገጠመችላት፤ ደሟ በቀጭኑ ቱቦ ወጥቶ ወደ ማሽኑ ሲሄድ፣ ማሽኑም እንደ ጠገበ ድመት ሲያንኮራፋ ሚሊ ቆሞ አየ። ያች ማሽን የግራና የቀኝ ጉንጭ፣ የእሑድ ታክሲና የታጠበ ብስክሌት ናት፤ አሁን የሱን ሚስት ደም ታጥባለች።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። ማጣሪያው ነገ ለጥገና ቢወጣ እንዲያሳልፍ ግድግዳው በአዲስ ልክ ተገንብቷል፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ግን መቃን አይቆምም። ክፍተቱ ላይ የተሰቀለውን ፕላስቲክ ነፋሱ ያርገበግበዋል። ሚስቱ ብርድ ልብሱን ወደ አንገቷ ስትስብ አያት።

ብድግ ብሎ ወጣ። ያን ነቅሎ ያስደገፈውን ጠባቡን በሩን በጀርባው ተሸክሞ መጣና ክፍተቱ ላይ አቆመው። አልሞላም፤ አንድ ክንድ ይቀረዋል። ያችው ክንድ! ሚሊ በዓይኑ ብቻ ለካት። ከዚያ ጀርባውን ለነፋሱ፣ ፊቱን ለሚስቱ ሰጥቶ ክፍተቷ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ትከሻው ልክክ አለ፤ አንድ ሚሊ አልቀነሰም።

«ጋሼ፣ ይደክምዎታል፤ ወንበር ላምጣ?» አለችው ዋና ነርሷ።

«በር ይቀመጣል እንዴ ሲስተር?»

ጸጉር አስተካካዩ ሊጠይቃቸው መጥቶ ከውጭ፣ «አሳልፈኝ እንጂ!» አለ።

«ዝግ ነው» አለ ሚሊ።

ሚስቱ ከአልጋዋ ላይ ሆና ለረጅም ጊዜ አየችው። ጥርሷ አልተንቀጫቀጨም። ጉንጯ ላይ ደም ደም የሚል መልክ መጣ፤ ቆይታም እንቅልፍ ወሰዳት። ሚሊ ጀርባው ደነዘዘ፣ ጣቶቹ የሱ አልመስል አሉት። ግን ንቅንቅ አላለም።

እጥበቱ አልቆ መርፌው ሲነቀልላት ራሷን ችላ ተነሳች። ወደ እሱ መጣች። ዞር ሊልላት ይገባ እንደሆነ ግራ ገብቶት ቆመ። ከዛሬ በኋላ ትመጣ እንደሆነ ሊጠይቃት ፈለገ፤ ግን እንዳትጠይቀኝ ብላዋለች።

«በረደህ?» አለችው።

«ኧረ ምንም!»

እጆቹን ያዘች፤ በረዶ ናቸው። በመዳፎቿ መሃል አድርጋ ቀስ እያለች ታሻሻቸው ጀመር፤ እሱ እግሮቿን ሲያሻሽላት እንደኖረው። ከዚያ ጠባቡን በር ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ለሐሙስ አዲሱን ገጥመህ ጨርስ» አለች። «እንዲህ ተገትረህ እያየሁህ አልችልም።»

ሚሊ ጆሮውን አላምን አለ። «ሐሙስ?»

«ሐሙስ ነዋ! ከዚያም ሰኞ አለ።»

ሚሊ ለአዲሱ በር ልክ ሊወስድ ሜትሩን ከኪሱ ማውጣት ፈለገ። እጆቹ ግን በእጆቿ ውስጥ ስለነበሩ ተወው።