ለማያውቀው እስረኛ

በአብዮቱ ዘመን ካድሬዎች ከማስተምርበት ክፍል አውጥተው ሲወስዱኝ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። ቤትህ ውስጥ የተከለከለ ጸሎት ተደርጓል አሉኝ፤ ተደርጓልም። ሆሳዕና ከተማ ያሰሩኝ ቤት ከነጋዴ የተወረሰ የቆዳ መጋዘን ነው። ግድግዳው ጨው ያልበዋል፣ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። ሃያ ሦስት ነበርን፤ የምንተኛው በተራ ነው።

"ምርመራህ ስላላለቀ ስንቅ አይገባልህም" ተባልኩ። ስለዚህ የምበላው ከሌሎቹ ነበር። ጎኔ የሚተኛው የጎጃም ሰው፣ ለሥራ መጥቶ የታሰረ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት ነው። በአካባቢው ዘመድ የለውም። ሆኖም ቅዳሜ ቅዳሜ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና አይብ ይገባለታል። ዘቦቹን ሲጠይቃቸው "አንድ ሽማግሌ ነው" ከማለት በቀር አይነግሩትም። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚቆርሰው ለእኔ ነበር።

"ያገርህ ምግብ ነው፤ አንተ ታውቅበታለህ" ይለኛል።

በአራተኛው ወር ስንቁ ቀረ። ሁለት ቅዳሜ ጠበቅን።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ከትውልድ አገሬ ከአንጋጫ አካባቢ አንድ ገበሬ አስገቡ። የእህል ኮታ አላስገባህም ተብሎ ነው። ግንባሩ ላይ ደም ደርቋል። ውሃ ከሰጠነው በኋላ የእስረኞቹ ተጠሪ የት እንደያዙት ጠየቀው።

"ከቀብር ስመለስ" አለ። "ትልቅ ሰው ሞቶብን። እንሰታችን በበሽታ ያለቀ ጊዜ የራሱን እየነቀለ ያካፈለን ሰው ነው። በሽተኛ ተሸክመን ወደ ሆሳዕና ስንመጣ ቃሬዛውን መጀመሪያ የሚይዘው እሱ ነበር።"

ወደ ገበሬው ተጠጋሁ።

"ምን ሆኖ ሞተ?" አለው ተጠሪው።

"ልጁ መምህር ነው፤ እዚህ ከተማ አስረውበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ይዞ በእግሩ ይመጣል፤ አናስገባም ይሉታል። አንድ ቀን 'እንግዲያው ጠያቂ የሌለው ማን ነው? ለሱ ስጡልኝ' አላቸው። ከዚያ ወዲህ ለማያውቀው ሰው ነበር የሚያመጣው። በመጨረሻው ጊዜ መንገድ ላይ ዝናብ መታው። ሳምባውን ያዘው፤ አልተነሳም።"

ድሬሰሩ ዞሮ አየኝ።

"አባቴ ነው" አልኩ።

ገበሬው አፉን በእጁ ያዘ። "ይቅር በሉኝ፣ መምህር። መርዶ እንዲህ አይነገርም።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ አላስታውስም። ድምፄ መውጣቱን ግን አስታውሳለሁ። እዚያ ቤት ጮኾ ማልቀስ አድማ ይባላል፤ ከሳምንት በፊት ያለቀሰ ሰው ወስደው ውስጥ እግሩን ገርፈው ነው የመለሱት። የበሩ ትንሽ መስኮት ተከፈተች።

"ማነው የሚጮኸው?" አለ ዘቡ።

ድሬሰሩ ተነስቶ ከፊቴ ቆመ። "እኔ ነኝ።"

"ምን ሆንክ?"

"ስንቅ የሚያመጣልኝ አባት ሞቶብኝ ነው።"

ዘቡ ሽማግሌውን ያውቀዋል።

"ቀስ ብላችሁ አልቅሱ" አለና መስኮቷን ዘጋት።

ሰዎቹ በተራ እየመጡ እጄን ጨበጡ። አንዱ እግዜር ያጽናህ፣ ሌላው አላህ ያጽናህ ይላል። ድሬሰሩ ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቤ እንደ ሐዘንተኛ ተቀመጠ። የእሱንም እጅ ጨበጡት።

ስፈታ እናቴ ካቀፈችኝ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ስንቁ ነው።

"ደርሶህ ነበር?"

"ደርሶኛል፣ እማ። ተካፍለን በላነው።"

ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። "ይህን ሳይሰማ ሄደ" አለች።

አሁን አባቴ ከሞተበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ሰዎች ስለዚያ ጊዜ ሲጠይቁኝ ስለ ግርፋቱ እንድነግራቸው ይፈልጋሉ፤ እሱንም እነግራቸዋለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን የማስበው ልጁን ሳያይ ከበር የተመለሰባቸውን ቅዳሜዎች ነው። እኔ ብሆን ስንቁን እንደያዝኩ፣ ተናድጄ ወደ ቤቴ የምመለስ ይመስለኛል።