አንድ አልጋ፣ ሁለት ተሳፋሪ

ገና ሳይነጋ፣ ከኮንዶሚኒየሙ በር

የምንሄደው ስድስት ኪሎ ነው። ፒያሳ ስንኖር ይህ ጉዞ አይባልም ነበር፤ ዳቦ እየገመጡ የሚደረስበት ነው። ከአራዳ ተነሥተን የከተማው ጫፍ ከገባን ወዲህ ግን የልጅ ልጄ ሜሮን ኮሌጅ ለመድረስ ከዶሮ ቀድማ ትነሣለች። እንዲያም ሆኖ ትዘገያለች። ከዚህ በኋላ የጠዋቱ ትምህርት ካመለጣት ፈተና አትቀመጥም። ግቢ ውስጥ ልደር ስትል ደግሞ ለአዲስ አበባ ልጅ አልጋ አይሰጥም ይሏታል።

እኔ የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት እዚያው ኮሌጅ፣ የሴቶች መኝታ ቤት ተቆጣጣሪ ሆኜ ነው። መንገዱን ሳላየው አልከራከርም ብዬ አብሬያት ወጣሁ።

ሰልፉ ላይ የክፍል ጓደኛዋ ሐዊ ቀድማን ቆማለች። የእሷ ቤት ከእኛም ያልፋል። እስከዚህ በእግሯ እንደመጣች የጫማዋ ጭቃ ይናገራል።

ሚኒባስ ውስጥ

የሜሮንን ቦርሳ አቅፌ ከፊት ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝ።

«እማማ፣ ትምህርት ሊጀምሩ ነው?»

«ልቀጥል ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ነበር ያቆምኩት።»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ከኋላ ሁለቱ ልጆች አንድ ደብተር ጭናቸው ላይ ዘርግተው ያጠናሉ። ሜሮን ስታንቀላፋ ሐዊ በክርኗ ትነቀንቃታለች።

ፒያሳ

ታክሲ ለመቀየር ወረድን። ወርቅ ቤቶቹ ገና አልተከፈቱም። ደጄ የነበረው ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድና አበባ ሆኗል። ያምራል፤ አልክድም። እኔ ግን እሱን ለማየት ደርሶ መልስ ሁለት ታክሲ መያዝ አለብኝ።

ስድስት ኪሎ

ልጆቹ ወደ ክፍል ሮጡ፤ እኔ ወደ መኝታ ክፍሉ ኃላፊ። ዱሮ አብረን ሠርተናል፤ ተነሥቶ ተቀበለኝ። ከሩቅ እንመጣለን ብለው ያመለከቱት ሜሮንና ሐዊ ብቻ ናቸው አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ ብርቄ፣ አንድ አልጋ ተለቋል። ትርፍ ሲገኝ ከሩቅ ለምትመጣ የከተማ ልጅ መስጠት ተፈቅዶልኛል። ለሜሮን ይሁን።»

«ለምን ለሜሮን?»

«የእርስዎ ልጅ ናታ።»

ስንት ዓመት ሙሉ «የእገሌ ልጅ ናት» እየተባለ አልጋ ሲጠየቅ፣ ሁሉም የእገሌ ልጅ ናት እያልኩ ስመልስ ኖሬአለሁ። ዛሬ እገሌ እኔ ሆንኩ። ሁለቱ ባሉበት ዕጣ ይውጣ አልኩት። ስሙን ከሰዓት በስልክ ልነግረው ተስማማን።

ፒያሳ፣ ኬክ ቤት

ከትምህርት መልስ ሁለቱን ይዤ ገባሁ። የማኪያቶውን ዋጋ ሳይ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጋር ጎረቤት ስለሆናችሁ በግራም ነው እንዴ የምትሸጡት ብዬ አስተናጋጇን ጠየቅኳት። ከዚያ ነገሩን ለልጆቹ ነገርኳቸው።

ሜሮን ፊቷ ቀላ። «እምዬ፣ የሌላ ሰው አያት ብትሆኚ ይሻለኝ ነበር።»

ሁለት ሶፍት ላይ ሁለት ስም ጽፌ አጣጠፍኩና ባዶ ሲኒ ውስጥ ከተትኩ። እንደ ዕቁባችን፣ ጉዳዩ የማይመለከተው ሰው ያውጣ ብዬ ለአስተናጋጇ ሰጠኋት። አንዱን አውጥታ አነበበች፤ ሐዊ። ወዲያው ለኃላፊው ደውዬ ስሟን ነገርኩት።

ሐዊ መደሰቱንም ማዘኑንም አላወቀችበትም። አቅፋን፣ ቁልፏን ልትቀበል ወደ ግቢ ተመለሰች።

መልስ

ታክሲው መንገዱን ሲያጋምስ ሜሮን ወደ እኔ ዞረች።

«እውነቱን ንገሪኝ። ሁለቱም ላይ የሐዊን ስም ነው የጻፍሽው?»

የቀረውን ሶፍት ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ስሟን አየችና አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

«ነገስ?»

«ነገም ኃላፊው ዘንድ እሄዳለሁ። ደንቡ ሲወጣ ከተማው እዚህ ድረስ አልመጣም ነበር። ከዚህ የሚነሡ ሴቶች ሁሉ አልጋ እስኪያገኙ እመላለሳለሁ።»

ሜሮን ደብተሯን ጭናችን ላይ ዘረጋችው፤ ግማሹ እሷ ላይ፣ ግማሹ እኔ ላይ። ወዲያው ማንቀላፋት ጀመረች። ሐዊ የለችም፤ በክርኔ ነቀነቅኳት።