የቀሪዎች ዓምድ

ሁለት ጊዜ የጣለኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። ሒሳቡ አይደለም፤ ሒሳብ ድሮም አላስቸገረኝም። እንግሊዝኛውም አይደለም። የጣለኝ ሠንጠረዥ ነው። ውጭ አገር ቢዝነስ ለመማር የሚያመለክት ሁሉ የሚቀመጥበት የመግቢያ ፈተና አለ፤ እዚያ ውስጥ ኮምፒውተሩ ሃያ ሠላሳ ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ያመጣና ከሥሩ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይደረድራል። እያንዳንዱን እውነት ወይም ሐሰት ማለት ነው። ሠንጠረዡን በፈለጉት ዓምድ ከትልቅ ወደ ትንሽ ማስደርደርም ይፈቀዳል። ሲያዩት የልጅ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ከሦስቱ አንዷን የሳተ ሦስቱንም እንደሳተ ይቆጠርበታል። ሁለቱን አውቀሻል ብሎ ግማሽ የሚሰጥ የለም። ይህን ደንብ ያወጣ ሰው እናት ያሳደገችው አይመስለኝም።

ሦስተኛው ሙከራዬ ማክሰኞ ነበር። ከዚያ ወዲያ አራተኛ የለም። ያመለከትኩበት የነጻ ትምህርት ዕድል የዕድሜ ጣሪያው ሠላሳ አምስት ነው፤ እኔ ደግሞ በመስከረም ሠላሳ ስድስት ልደፍን ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ የጉዞ ወኪል ቢሮ ትኬት እቆርጣለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሌላ ሰው መስኮት አጠገብ ያለ ወንበር ስመርጥ ኖሬያለሁ። ይህ ፈተና ካመለጠኝ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንደማረጅ አውቀዋለሁ።

ከሥራ ስወጣ ፒያሳ ካለች አንዲት ካፌ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። አንድ ማኪያቶ አዝዤ ሁለት ሰዓት እቆይበታለሁ። አስተናጋጁ ሲታዘበኝ ከርሞ አንድ ቀን፣ «እህት፣ ይሄ ማኪያቶ እኮ ጡረታ ሊወጣ ነው» አለኝ። ሳቅሁለት። ውስጤ ግን ማልቀስ ነበር ያማረው፤ ምክንያቱም በመለማመጃው መጽሐፍ ያሉት ሠንጠረዦች አልቀውብኝ ነበር። ደጋግሜ ከመሥራቴ ብዛት ጥያቄውን ሳልጨርስ መልሱን እላለሁ። ይሄ ዕውቀት አይደለም፤ ዳዊት እንደሚደግም ሰው በቃሌ መያዝ ነው። የማላውቀው ሠንጠረዥ ሲመጣ ራሴ ባዶ እንደሚሆን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።

አባቴ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በለቀስተኛ ፊት ቆሞ ስም ጠርቷል። «አለሁ» ያለ ምልክት ይደረግለታል፤ ያላለ ቀሪ ነው። አሁን ሁለቱንም ዐይኑን ሞራ ጋርዶታል። ስሙን ሁሉ በቃሉ ስለሚያውቅ ጥሪው አላቃተውም፤ ምልክቱን አጠገቡ የቆመ ሰው ያደርግለታል። ግማሹ ሰፈር ተነስቶ በከተማው ዳር ዳር ኮንዶሚኒየም ከገባ ወዲህ አባላቱ ተበትነዋል፣ ዕድሩ ግን አልፈረሰም። «ሰው ቤቱን ይቀይራል እንጂ ቀባሪውን አይቀይርም» ይላል አባቴ። ያም ሆኖ ቀሪው እየበዛ ስለመጣ ዘንድሮ ኮሚቴው ቆረጠ፤ በዓመቱ ከነበሩት አሥራ አራት ቀብሮች ከግማሽ በላይ የቀረ አባል ሊሰረዝ ሆነ። ዝርዝሩ እሁድ በጠቅላላ ጉባኤው ይነበባል።

ሐሙስ ዕለት አባቴ መዝገቡን ይዞ መጣ። «ልጄ፣ ይቺን ደምረሽ የቀሪዎቹን ዝርዝር አውጪልኝ» አለኝ።

«አባባ፣ ማክሰኞ ፈተና እንዳለብኝ አታውቅም?» ብዬ ጮህኩበት።

«አውቃለሁ። ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለና መዝገቡን ሊያጥፈው ሲል ገጹን አየሁት። ረድፍ፣ ዓምድ፣ ረድፍ፣ ዓምድ። ከመቶ በላይ ስም፣ ማንም ያልነካው ሠንጠረዥ። ከእጁ ነጠቅሁት ማለት ይቻላል። እሱ እሺ ያልኩት ለእሱ አዝኜ መሰለው፤ መረቀኝ።

ቅዳሜ ሙሉ ቀን ኮምፒውተር ላይ ስጽፍ ዋልኩ። የአባል ቁጥር፣ ስም፣ አሁን የሚኖርበት፣ የቀረበት ቀብር ብዛት። የኮሚቴው ስም በሌላ ገጽ ስለሆነ አልነካሁትም። በመዝገቡ ቅደም ተከተል ነው የጻፍኩት፤ ነባሮቹ ከላይ፣ አዲሶቹ ከታች። ጽፌ ስጨርስ የቀሪውን ዓምድ መርጬ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድር አልኩት። ማሽኑ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ የቀሩት ዓምዶችም አብረው ይንቀሳቀሱ ወይስ ይሄ ብቻ? በፈተናው ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም፤ ረድፉ እንዳለ ነው የሚንቀሳቀሰው። እኔ ደግሞ እንደ ፈተናው ሦስት ደቂቃ ብዬ ሰዓት ይዤ ነበር። ሳላነብ አንዱን ተጫንኩ። ቁጥሮቹ ብቻቸውን ወጥተው ተደረደሩ፤ ስሞቹ በነበሩበት ቀሩ። አላየሁም።

ከዚያ ለራሴ ሦስት ዓረፍተ ነገር አወጣሁ። አንደኛው፣ ነባር አባላት ከአዲሶቹ ይልቅ ይቀራሉ፤ እውነት። ምክንያትም አገኘሁለት፤ አርጅተዋል፣ ርቀው ሄደዋል፣ ደክሟቸዋል። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ፈጥኜ መለስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱም በሰዓቱ ተመለሱልኝ። መልሱን የሚያርምልኝ እንደሌለ እንኳ ትዝ አላለኝም። ያን ማታ እራቴን እየዘፈንኩ በላሁ።

እሁድ ጉባኤው ላይ የዕድሩ ሊቀመንበር አስቀድሞ፣ «ልጃችን ማክሰኞ ለትልቅ ፈተና ትቀመጣለች፣ በጸሎት አስቧት» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አባቴ ወረቀቱን አስያዘኝና ከጎኔ ቆመ። የሚሰረዙት ሦስት ነበሩ። አንዱ ልጃቸው ዘንድ ክፍለ ሀገር ሄደዋል፤ አንዷ ታመው ቤት ውለዋል። ሦስተኛዋ ፊት ለፊቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በጊዮርጊስ በር ጧፍ ይሸጡ የነበሩ፣ ሰፈሩ እማማ ጧፍ የሚላቸው አሮጊት። ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱን ቀርተዋል ብዬ አነበብኩ።

እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«እኔ ቀርቼ አላውቅም ልጄ። በሁለት ታክሲ ነው የምመጣው» አሉ።

አባቴ ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ። «ደግመሽ አንብቢው እስኪ።»

ደግሜ አነበብኩ። አሥራ አንድ።

«መዝገቡ ይምጣና ይታይ?» አለ ሊቀመንበሩ።

አባቴ ራሱን በእንቢታ ነቀነቀ። «ልጄ በኮምፒውተር ነው የሠራችው። እኔ እንኳ ብሆን ዐይኔ ነው ይባላል፤ ማሽን ምን ዐይን አለው?»

እማማ ቆመው ትንሽ አሰቡ። «ዘንድሮ እንግዲህ ብዙ ነገር ይጠፋብኛል። ባለፈው ቁልፌን በጉያዬ ይዤ ስፈልገው ዋልኩ። ከተጻፈማ፣ መጣሁ ብዬ አስቤ ቀርቼ ይሆናል» አሉ። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «ማን ይቀብረኝ ይሆን?» ብለው ተቀመጡ። ቅሬታ ያለው በወር ውስጥ ያቅርብ፣ እስከዚያ ስማቸው አይጠራም ተባለ።

ሊቀመንበሩ አየሩን ሊያቀል ፈልጎ፣ «በሉ አንድም ቀን ያልቀረ ካለ ይነበብና እናጨብጭብ» አለ። ከወረቀቱ ግርጌ ላይ ያለውን ስም አነበብኩ። አምና የገባው ባለ ሉካንዳ ነበር፣ የመዝገቡ የመጨረሻ አባል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«እሱ? እሱ እኮ የሚሸኘው በሬ ብቻ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

ባለ ሉካንዳው ራሱ ደንግጦ ነበር፤ ወዲያው ግን ደረቱን ነፋ። «ሰው አይለወጥም እንዴ?» አለ። ይብሱን ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። እዚያው ቆሜ ገባኝ። ከላይ ያሉት ነባሮቹ፣ ከታች ያሉት አዲሶቹ፤ ቁጥሩ ከስሙ ተለይቶ ሄዷል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፣ «ተሳስቻለሁ» ማለት። ግን ያ ሁሉ ሰው ተምራለች ብሎ ሲያየኝ፣ አሁን ጸልዩላት ተብሎልኝ፣ ሠንጠረዥ መደርደር አልችልም ልበል? ደግሞስ ካልኩ ሰኞን መዝገብ ሳገላብጥ ልዋል ነው፤ ያለኝ አንድ ቀን ነው። ማክሰኞ ከፈተና በኋላ እናገራለሁ፣ ሁለት ቀን ምን አላት፣ ብዬ ዋጥኩት። ስንወጣ እማማ እጄን ይዘው፣ «ይቅናሽ ልጄ፣ አንገትሽን አያስደፋሽ» አሉኝ። አሜን አልኩ።

ቤት ገብቼ መዝገቡን ከፈትኩ። እማማ ከአሥራ አራቱ አንዱንም አልቀሩም።

ሰኞ ቀብር ሆነ፤ አንድ አባል አርፈው ነበር። እኔ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሠንጠረዥ ላይ አፍጥጬ ዋልኩ፤ አንድም ነገር አልገባኝም። ቁጥር ባየሁ ቁጥር ይህ የማን ነው እላለሁ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባቴ ከቀብር ተመለሰና ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«እማማ መጥተው ነበር» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«ድምፃቸው። ስማቸውን ዘልዬ የሚቀጥለውን ልጠራ ስል፣ ከወደ ኋላ 'አለሁ' አሉ።»

«ሰውስ ምን አለ?»

«ምን ይላል፣ ዝም።» ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። «ያ ድምፅ ዓመቱን ሙሉ ሲመልስልኝ የሰማሁ ይመስለኛል። አልነበሩም ከተባለ እንግዲህ ጆሮዬም ከድቶኛል ማለት ነው።»

ፊቱን እያየሁ አልነገርኩትም። ፈሪ ነበርኩ፤ ስስታምም ነበርኩ። አሁን ብነግረው ያለቅሳል፣ ካለቀሰ እኔም አለቅሳለሁ፣ ነገ ደግሞ ፈተና ነው። እንዲህ አድርጌ አሰብኩት፤ ወንድ ልጅ ቢያደርገው ኖሮ ጨካኝ እለው ነበር።

ማክሰኞ ተፈተንኩ። ሠንጠረዡ መጣ፤ የወደብ ከተሞችና የሚያራግፉት ጭነት። እያንዳንዱን ቁጥር ወደ ስሙ በጣቴ እየመለስኩ ሄድኩ፣ ረድፍ በረድፍ፣ የማንን ለማን እንዳልሰጥ። ሰዓቱ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ሦስቱንም መለስኩ። መጨረሻ ላይ ውጤቱ ብቅ አለ። ከሚፈለገው በላይ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ደስታው እስኪመጣ ጠበቅሁ፤ ጥበቃው «እህቴ፣ ጨርሰሻል እኮ» ሲለኝ ተነሳሁ። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ድረስ በእግሬ ሄድኩ።

ቤት ስደርስ መዝገቡና ማኅተሙ በፌስታል ታስረው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል።

«ለሊቀመንበሩ ላስረክብ ነው» አለ አባቴ። «የሰማውን የማያምን ጸሐፊ ምን ይሠራል?»

ያኔ ነገርኩት። ዓምዱን ብቻውን እንደደረደርኩት፣ ዝርዝሩ በሙሉ ስህተት እንደሆነ፣ እማማ አንድም ቀን እንዳልቀሩ፣ ጆሮው ልክ እንደነበረ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ፊቱ መጀመሪያ በራ፤ በእውነት በራ። «እንዲያውም!» አለ፣ «እኔ እኮ ሰምቻለሁ!» ብሎ ጉልበቱን መታ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ እኔ ዞረ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

መዋሸት እችል ነበር። ዛሬ ነው ብዬ ብነግረው ያምነኝ ነበር።

«እሁድ» አልኩት።

«እሁድ» አለ። ከዚያ፣ «ፈተናውስ?» አለኝ።

«አለፍኩ።»

«እንኳን ደስ አለሽ።» የማያውቀውን ሰው እንኳን ደስ አለህ በሚልበት ድምፅ ነበር። ተነስቶ ኮቱን በዳበሳ አገኘና ለበሰ። እማማ ዘንድ እንደሚሄድ ገባኝ፤ እኔም ነጠላዬን አነሳሁ።

«አብሬህ ልሂድ አባባ፣ እኔው ልንገራቸው።»

«ዛሬ ተይው፣ ደክሞሻል» አለ። «እየጠየቅሁ እሄዳለሁ።»

ወጣ። እኔም በሩን ሳልዘጋ ተከተልኩት። መንገዱን ጥግ ጥጉን ይዞ፣ እጁን ግድግዳው ላይ እያደረገ፣ እስከ ታክሲ ሰልፉ ድረስ ሄደ። ዞር ብሎ አላየም፤ ቢያይም አይለየኝም ነበር። ተራው ሲደርስ ፊቱ ያለችውን ልጅ ትከሻዋን ነክቶ፣ «የእኔ ልጅ፣ ታፔላው ምን ይላል?» አላት። አነበበችለት፣ ክንዱንም ይዛ አስገባችው። እኔ ከኋላው አምስተኛ ሰው ሆኜ ቆሜ ነበር።