እመቤትና ሠራተኛ ሲመከሩ

የሱዳን መንግሥት ከመገልበጡ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ ካርቱም አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ለአንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ አስተርጓሚ ነበርኩ። እናቴ ሐበሻ፣ አባቴ ሱዳናዊ ስለሆኑ ምላሴ ለሁለት ቤት ይሠራል። አማካሪዋ ደግ ሴት ነበረች። ከእሷ ክፍል ሳያለቅስ የወጣ ሰው አላስታውስም፤ እሷም ይህን ከሙያዋ ትቆጥረው ነበር።

አንድ ቀን አንዲት የቡሪ ሰፈር እመቤት ሐበሻ ሠራተኛዋን ይዛ መጣች። ልጅቷ ሳህን እያጠበች ታለቅሳለች፤ ለቅሶዋ እንግዳ አስቸግሯል ተባለ። እመቤቲቱን ውጭ አስቀምጠን ሠራተኛዋን አስገባናት።

ነገሯ አጭር ነበር። ሕፃን ልጇን ከከተማው ዳር ሶባ ያለች የቀድሞ ጎረቤቷ ናት የምታሳድግላት። ዓርብ ዓርብ በአውቶቡስ እየሄደች ሕፃኗን ታያት ነበር። ካለፈው ረመዳን ወዲህ ግን እመቤቷ ልጆቼን ብቻዬን አልችልም ብላ ዓርብን ከለከለቻት። ሕፃኗም ጎረቤቲቱን እማማ ማለት ጀምራለች።

«እህቴ፣ ዱክቶራዋ ለማዳም ትንገርልኝ» አለችኝ። «ጁምዓዬን ትመልስልኝ፤ ሌላ መድኃኒት አልፈልግም።»

አማካሪዋ ከልቧ አዘነች። ግን በሰው ቤት ጣልቃ አንገባም፣ የምንለውጠው ውስጣችንን ነው አለችና አየር በአፍንጫ ስቦ በአፍ ማስወጣት አስተማረቻት። ትዕግሥትንም ጨመረችላት። የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል ይባላል፤ ይህቺ ግን ወልዳ ነው የመጣችው።

እመቤቲቱ ተራዋ ደርሶ ስትገባ እሷም አለቀሰች። ልጆቹ፣ አማቷ፣ እንግዳው አድክመዋታል። እዚህ ላይ አማካሪዋ ተቆጣች። ያላረፈች ሴት ትሰበራለች፤ ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ከቤት ወጥተሽ ከእህቶችሽ ጋር ዋይ፣ ልጆቹን ሠራተኛሽ ትይዛቸዋለች ብላ አዘዘችላት። ስለ ውስጧ አንድም ነገር አልተነሣም። በጣም ተናደድኩ።

ከዚያ ሠራተኛዋን መልሰው አስገቧትና አዲሱን ፕሮግራም እንድነግራት ታዘዝኩ። ነገርኳት።

«ለማዳም ጁምዓ፣ ለእኔ ትንፋሽ» አለች፣ ሁለቱን በየተራ እያየች። «በትንፋሽ ሶባ ይደረሳል ወይ? ጠይቂልኝ።»

አንዲት ቃል ሳላለሰልስ በዐረብኛ ጠየቅኩላት። የአማካሪዋ ፊት በደስታ በራ። በመጀመሪያው ቀን ስሜቷን አውጥታ መናገር ቻለች፣ ማሻአላህ፣ ትልቅ ለውጥ ነው አለች። እመቤቲቱም ስለ ለውጡ አመሰገነች።

ሠራተኛዋ እጄን ይዛ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ።

«ተሽሎሻል አሉ» አልኳት።