ለሕንዷ ግድግዳ የሰፋሁት ጣዎስ

ባለፈው ሳምንት ከግድግዳው ላይ ስፌቱን ሁሉ አወረድሁ። አማቴ ስለ ሞቱ ነው። ሰፌዶቹን፣ ሙዳዩን፣ ባለቀይ አገልግሌን በጨርቅ ጠቅልዬ ቆጥ ላይ ካስቀመጥሁ በኋላ ችካሎቹን ቆጠርሁ። አሥራ አንድ ናቸው። ባዶአቸውን ሳያቸው ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። የመጀመሪያው በንጉሡ ዘመን ነበር፤ ያን ጊዜ የሞተው ባሌ ነበር፣ ስፌቱንም ያወረዱት አማቴ ነበሩ።

ባሌ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። ሐምሌ ላይ ትኩሳት ያዘውና በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ልጅ አልወለድንም። ከቀብር ስንመለስ ልብሴና ዕቃዬ ከኪራይ ቤታችን ተነሥቶ፣ ከንፋስ መውጫ ዳር ካለው ከእናቱ ቤት ደርሶ ጠበቀኝ። ማን እንደ ወሰነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቴ የጋይንቷ ቤተ ልሔም ቄስ ነበሩ፤ ፊደል ያስቆጠሩኝም ዳዊት ያስደገሙኝም እሳቸው ነበሩ። ሲሰናበቱኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ “የሙት ዓመቱ ተዝካር በወጣ ማግስት በቅሎ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ቻይው፣ ልጄ” አሉኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የበቅሎዋን ቀን መቁጠር ያዝሁ።

አማቴ ክፉ ሴት አልነበሩም። ያላቸው ልጅ እሱ ብቻ ነበር። ጠጉሬን በምላጭ አስላጩኝ፣ የራሳቸውንም ተላጩ። ቀሚሴን ጥቁር ነከሩት። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ጌጥ አንድ ባንድ አወረዱ። “ሐዘን የተቀመጠበት ቤት አያጌጥም” አሉ። ውኃ ልቅዳ ስል ጎረቤት ትቅዳ ይላሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ልሳም ስል አብረን እንሄዳለን ይላሉ። ሌት ሲያስለኝ፣ “አለሽ?” ይሉኛል። “አለሁ” እላለሁ። ቀን ቀን ከመደቡ ላይ ተቀምጬ ችካል እቆጥራለሁ።

መስከረም ላይ አንድ የሕንድ መምህር ሒሳብና እንግሊዝኛ ሊያስተምር ሚስቱን ይዞ መጣ። ጥቅምት ሲገባ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ወሬ የማይቋጥር ሽማግሌ፣ ከደጃችን ቆመ።

“እሜቴ፣ የሕንዱ ሚስት ግድግዳዬ ባዶ ሆነብኝ ብላ ልታብድ ነው። አርብ ገበያ ድረስ ሰው ልካ ሰፌድ አስገዛች። ልታበጥርበት ነው ስል፣ ምስማር መትታ ሰቀለችው!”

“እና እኔ ምን ላድርጋት?” አሉ አማቴ።

“ምራትዎ ስፌት ታውቃለች ይሉኛል።”

“ሐዘን ላይ ናት።”

“ስፌትም ተቀምጦ፣ ሐዘንም ተቀምጦ! ምኑ ይለያያል እሜቴ?”

አማቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈራቸው ፈታ ሲል አየሁ። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድመለስ ተፈቀደልኝ። ስወጣ ግን ነጠላዬን ያዝ አድርገው፣ “ቀለም አትነኪም። ባልሽ ዓመት ሳይሞላው ቀይና አረንጓዴ በጅሽ እንዳይገባ። በነጩ ስንደዶ ብቻ ስፊላት” አሉኝ።

የሕንዶቹ ቤት ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ያለ ቆርቆሮ ክዳን ነበር። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው ሴትየዋ በየጊዜው ወደ ላይ ታያለች። ከእኔ ታንሳለች፤ ሆዷ ገና መግፋት መጀመሩ ነበር። ከገበያ የለቀመችው አማርኛ “ጥሩ”፣ “የለም”፣ “አለ”፣ “ስንት” ነው። በዚያ አራት ቃል ቤት ልናስጌጥ ተቀመጥን።

ትልቅ የብረት ሣጥን ከፈተች። ከአገሯ ያመጣችው ጌጥ ሁሉ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበር፦ አምስት አፍ ያለው የነሐስ ኩራዝ፣ ኩምቢውን ወደ ላይ ያነሣ የእንጨት ዝሆን፣ ትንንሽ መስተዋት የተሰፋበት ጨርቅ፣ ከበር በላይ የሚንጠለጠል የዶቃ መጋረጃ። አንድ መጽሔትም ነበራት፤ የሕንድ ሀብታሞች ሳሎን እየተሣለ የወጣበት። ገጹን ትገልጥና ዝሆኑን አንሥታ በጭቃ ግድግዳው ጥግ ትይዘዋለች። “ጥሩ?” ትለኛለች። ሌላ ጥግ ትሄዳለች። “ጥሩ?”

ከሐምሌ ወዲህ ምን ትወጃለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ጥግ ላይ፣ “የለም” አልሁ፤ የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። ዝሆኑን ተቀብያት መስኮቱ ሥር፣ የከሰዓት ፀሐይ የምታርፍበት ላይ አስቀመጥሁት። ሴትየዋ ሁለት እጇን አጨበጨበች። ባለመስተዋቱን ጨርቅ ከበሩ ትይዩ እንዲሰቀል መረጥሁ፤ በር ሲከፈት ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ይበተናል። ኩራዙን ከነፋስ አርቄ ከምሰሶው ጀርባ አቆምሁት።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ኩራዙን እያሳየች፣ የመብራት በዓል እንዳለባቸው በምልክት ነገረችኝ። ለዚያ በር ላይ የሚታሠር የአንድ ዛፍ ቅጠል በምስል አሳየችኝ። የኛ ደጋ ያን ዛፍ አያውቀውም። ወይራ መረጥሁላት። ዘበኛው ቅርንጫፉን ተሸክሞ ሲመጣ፣ “ወይራ በር ላይ? ቤቱን የወተት ዕቃ አደረጋችሁት እኮ! ማጠን ነው የቀራችሁ” እያለ ይስቃል። ከደጁ ፊት መሬት ላይ በዱቄት አበባ ልትሥል ስትል ግን ሳቁን ዋጠው። “እህል መሬት ላይ! እኔ ይህን አልረግጥም፣ በጓሮ ነው የምገባው” አለ። ከተሰቀለው ከባሏ ኮት ኪስ የጠመኔ ስብርባሪ አወጣሁና ፈጭቼ ሰጠኋት። በጠመኔ ሣለችው። ዘበኛውም በፊት በር ገባ።

ፊደል አስተምራት ጀመር። እሷም “ዲዲ” ትለኛለች፤ በአገሯ ለታላቅ እኅት የሚባል ነው። አንድ ሐሙስ ከማበጠሪያዋ ጋር የምታኖረውን ትንሽ ቆርቆሮ ከፈተች። ቀይ ዱቄት አለበት። በጠጉሯ ስንጥቅ ላይ በጣቷ ነካ አደረገችና፣ “ባል አለ፣ ቀይ አለ። ባል የለም፣ ቀይ የለም” አለችኝ። ቀጥላ ወደ እኔ ጠቆመች። “ዲዲ? ባል?”

ጥቁር ልብሴ ምንም አልነገራትም። በአገሯ የሐዘንተኛ ልብስ ነጭ መሆኑን በኋላ ነው የተረዳሁት። ያን ጊዜ የማውቀው ይህች ሴት ስለ እኔ ምንም እንደማታውቅ ነበር። አፌን ከፍቼ፣ “አለ” አልሁ።

የቄስ ልጅ ነኝ፣ ውሸት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከአፌ ከወጣ በኋላ አልመለስሁትም። በየማክሰኞውና በየሐሙሱ አማርኛዋ እየጨመረ፣ ጥያቄዋም እየጨመረ ሄደ። ምን ይሠራል? ጸሐፊ ነው። ምን ይወዳል? የባቄላ እሸት ይወዳል። ትናንት ምን አደረገ? ጣቱ በቀለም ጠቁሮ ገባ፣ እንጀራ ሊቆርስ ሲል እጁን መታሁት። እሷ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። ያ ቤት ባሌ የማይሞትበት ብቸኛ ቦታ ሆነ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ችካሎቹ እመለሳለሁ።

ነጭ ሰፌድ አራት ሰፋሁላት። ከዚያ ከመጽሔቱ ውስጥ አንድ ወፍ አሳየችኝ፤ ጭራውን የዘረጋ ጣዎስ። ከሁሉ በላይ በአገሯ ቤት የሚወደድ ጌጥ እሱ ነው አለች፤ ለምትወልደው ልጅ ራስጌ እንዲሆን ፈለገች። ጣዎስ በነጭ ስንደዶ አይሰፋም። የገበያ ቀለም አስመጣች፤ በእሷ ድስት አክርማውን ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ ነከርነው። ጣቴ እንዳይነካ በእንጨት እያገላበጥሁ፣ ቤት ስገባ ደግሞ እጄን በነጠላዬ እየደበቅሁ፣ በሁለት ወር ጣዎሱን እስከ ጭራው ጫፍ አደረስሁት።

ጥር ላይ ሰባተኛ ወሯ ገባ። ለርጉዝ የሚደረግ ምርቃት አለባቸው፤ ባል ያላቸው ሴቶች ብቻ ይሰበሰቡና ይመርቋታል። ሌላ የሕንድ ሴት በጋይንት ምድር አልነበረችም። “አንቺ አለሽ” አለችኝ። አዲስ ልብስ ለብሳ፣ ኩራዙን አብርታ፣ ያለቀውን ጣዎስ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። መጀመሪያ እሷ እኔን ልታስጌጥ፣ ቀጥሎ እኔ እሷን ልመርቅ። ቀዩን ዱቄት በጣቷ ዘገነችና፣ “ለባልሽ ዕድሜ” አለች። እጄን ከማንሣቴ በፊት ነጠላዬን ከራሴ ገለጠችው።

ራሴን እንደገና ከተላጨሁ ገና ሳምንቴ ነበር።

እጇ አየር ላይ ቆመ። ዱቄቱ ከጣቷ እየተንጠባጠበ በራሴ ላይ ወረደ። ጥቁሩን ልብስ ሦስት ወር አይታ አላወቀችውም፤ የተላጨውን ራስ ግን ወዲያው አወቀችው። “እናቴ” አለች በአማርኛ፣ በገዛ ጠጉሯ ላይ ምላጭ እንደሚሄድ አድርጋ እያሳየች። “እናቴ... እንዲህ። አባቴ የለም።” ከዚያ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ጣዎሱን ከጭኗ ላይ በቀስታ አንሥታ መሬት አስቀመጠችው። አልጮኸችብኝም። “ዲዲ፣ ሂጂ” ብቻ አለችኝ፤ እያለቀሰች ነበር።

ቤት ስደርስ የከሰዓት ነፋስ ነጠላዬን ደጃፉ ላይ ገፈፈው። አማቴ ከመደቡ ዘለው ተነሡ።

“ደም! ማነው የፈነከተሽ? አንቺ ልጅ፣ ማነው የፈነከተሽ?”

“ደም አይደለም፣ እማማ። ቀለም ነው።”

በጣታቸው ጠርገው አሸተቱት። “ቀለም አትንኪ አላልሁሽም? በተላጨ ራስ! ልጄ ገና መንፈቁ ሲወጣ!”

መደበቅ ደክሞኝ ነበር። “ባልሽ አለ ወይ አለችኝ። አለ አልኋት” ብዬ ተንበረከክሁ።

ዱላ ጠበቅሁ። አማቴ ግን ወደ መደቡ ተመልሰው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

“ሌላስ?” አሉ። “ሌላስ ምን አልሻት?”

“ጸሐፊ ነው አልኋት። ጣቱ በቀለም ጠቁሮ ይገባል አልኋት።”

“አዎ። ሳሙና አይወድም” አሉ። “ቀጥይ።”

የባቄላ እሸቱን ነገርኋቸው። እጁን እንደ መታሁት ነገርኋቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ሲመሽ ያን ቀይ ዱቄት ራሳቸው በሞቀ ውኃ አጠቡልኝ።

በማግስቱ ዘበኛው መጣ። “ስፌቱ ይበቃል ብላለች” አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

“ጣዎሱስ?” አልሁት። “ሰቀለችው?”

“አልሰቀለችውም። አልጣለችውምም። በዚያ በብረት ሣጥኗ ቆልፋበታለች።”

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የምሄድበት አልነበረኝም። ችካሎቹን ልቆጥር ስጀምር አማቴ እንዝርታቸውን አስቀመጡና፣ “ዛሬ ማክሰኞ አይደል? ንገሪኛ” አሉ። የነገርኋቸውን ደገምሁላቸው። ሐሙስም ጠየቁኝ። የማውቀው ሲያልቅ የማላውቀውን ጨመርሁ። ዛሬ ዝናብ መታው፤ ዛሬ ከአለቃው ተጣልቶ ገባ። የሕንዷን ቤት በር የከፈተልኝ ውሸት ነበር፤ አሁን በሌላ ቤት ከውስጥ ዘጋብኝ። አማቴ እህል በወጉ መቅመስ የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነው።

ሐምሌ ደረሰ፣ ተዝካሩም ወጣ። አማቴ ስፌቱን ከቆጥ አውርደው በችካሎቹ ላይ መልሰው ሰቀሉት፤ ባለቀዩን አገልግሌን ከሁሉ መካከል አደረጉት። በማግስቱ አባቴ በቅሎ ይዘው መጡ። ልብሴን ጠቅልዬ በሩ ላይ አስቀምጬ ነበር። አባቴ ጭነቱን ሲያጠብቁ አማቴ አንድም አልለመኑኝም። ከመደቡ ላይ ሆነው እንዝርቱን አስቀመጡና፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ያህል፣ “ዛሬ ማክሰኞ ነው” አሉ።

አንድ እግሬ ከደጃፉ ውጭ ነበር። እኔ ብሄድ ሁለት ሰው ቀብሬ እንደምሄድ አወቅሁ፤ አንዱን ለሁለተኛ ጊዜ።

“አባቴ፣ ለመስቀል ይምጡልኝ” አልሁ። አባቴ ፊቴን አይተው ጭነቱን ፈቱና በቅሎዋን ባዶዋን ቁልቁለቱን ነዱ። ለመስቀልም መጡ፣ ለፋሲካም መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ግን በቅሎ አላመጡም።

ያን ዕለት ኮቴው እስኪጠፋ ሰምቼ ልብሴን ወደ ውስጥ መለስሁት። ከአገልግሉ ሥር ተቀመጥሁ።

“እሺ፣” አሉ አማቴ፣ “ዛሬ የት ዋለ?”

“የትም አልሄደም፣ እማማ” አልሁ። “ቤት ነው የዋለ።”